የመጀመሪያው ዕጣ ለሯጭ

ባለፈው እሁድ ልጄና ጓደኛው እንጦጦ ፓርክ ሲሮጡ አርፍደው፣ ጫማቸው ሥር እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለጥፈው፣ ሲግናል ሰፈር ያለው ቤቴ ገቡ። ወለሉን ገና መወልወሌ ነበርና ልቆጣ አፌን ስከፍት ሽታው ቀደመኝ። ዝናብ የመታው፣ በእግር የተረገጠ ባሕር ዛፍ ነው። ጉንፋን ሲይዘን እናቶቻችን አፍልተው ካጠኑን ቅጠል ይለያል፤ ያኛው የሕመም ሽታ ነው፣ ይሄኛው የሜዳ። ቁጣዬ ከየት እንደሄደ ሳላውቅ መወልወያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ልጆቹ ከቁብም አልቆጠሩኝ። ከተራራው ጀምረው እየጎተቱ ያመጡት ክርክር ነበራቸው፤ ስለዚያ ኳሱን በእጅ ይዘው ስለሚሮጡበት የአሜሪካኖች ጨዋታ፣ በስልክ እያዩ ዓይናቸውን ስለሚያደክሙበት። እንደገባኝ ከሆነ ክለቦቹ አዲስ ልጆችን የሚወስዱት በተራ ነው፤ ድራፍት ይሉታል። አንዱ ክለብ የመጀመሪያ ተራ ደርሶት ሳለ ያንን ዕድል አንድ ሯጭ ላይ አዋለው፤ የልጄ ደም የፈላው በዚህ ነው።

«ብሮ፣ ፈርስት ፒክህን ለራኒንግ ባክ? ዌስት ነው፣ በቃ!» ይላል ልጄ፤ ባከነ ማለቱ ነው።

«ስፒዱን አላየኸውም እንዴ?» ይላል ጓደኛው።

ራኒንግ ባክ ማለት ምን እንደሆነ ጠየቅሁ። ልጄ ሳያየኝ፣ «እማዬ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ነው» አለኝ። ሌላ ሥራ የለውም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «በቃ፣ መሮጥ ነው» አለ። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ክርክር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የካ ዳገቱ ላይ፣ ጋሽ ታዬ ሱቅ ደጃፍ፣ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ሰምቼዋለሁ። ያኔ ግን በክርክሩ የተያዘው የአባቴ ክብር ነበር።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ ከዳገቱ ሥር እስከ ተራራው አፋፍ ድረስ ያለ ወንድ ልጅ ሁሉ ፊደል የቆጠረው እሳቸው ዘንድ፣ እኛ ቤት፣ ዋርካ ሳይኖርበት የዋርካ ጥላ በሚባለው የቆርቆሮ ዳስ ሥር ነው። ከዜማ ቀጥሎ በዚህ ዓለም ላይ የሚወዱት ነገር ቢኖር ኳስ ነበር። እንዴት እንደጀመራቸው እንጃ። እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ «ጎጃም ለትምህርት ሄደው ዜማውን ይዘውት መጡ፤ ይሄኛውን ግን ከየት እንዳመጡት እግዜር ይወቅ» ትል ነበር። ነጭ ጥምጣም ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሜዳው ዳር ይቆማሉ፤ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጎን ፊሽካ ይንጠለጠላል። ሜዳውንም የሠሩት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ተማሪዎቻቸውን አሰልፈው ዳገቱን አስቆፍረው፣ አፈሩን በማዳበሪያ ከረጢት አስጭነው፣ አንድ በጋ ሙሉ ሲያስደለድሉ ከረሙ። ያም ሆኖ በአንድ ወገን ያዘነብላል፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ቁልቁል መጫወት የደረሰው ቡድን ዕድለኛ ነው።

የሰፈራችን፣ የዳገት ሰፈር፣ ቡድን ስለዚህ የየኔታ ቡድን ነበር። ሃያ ዓመት የሞላው ጎረምሳ እንኳ ጨዋታ ላይ ሲሳደብ ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ጆሮውን ይዞ እንደ ልጅ ሊቆም ይችላል፤ ሆኖ አይቻለሁ። ነገር ግን ዋንጫ ካየን ብዙ ክረምት አልፎን ነበርና ማጉረምረም ተጀመረ። ያጉረመረመው በተለይ ስንሻው ነው፤ ለአንድ ፋብሪካ ቡድን በተጠባባቂነት የተጫወተ፣ ጉልበቱን አሞት የተመለሰ፣ ኳስ ያውቃል የተባለለት ጎልማሳ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይሁንና እኔ ያኔ ክፉ ነው ብዬ ወስኜ ስለነበር፣ በመንገድ ሲያልፍ ምላሴን አወጣለት ነበር። «ማሕሌትና ኳስ ይለያያል፤ ለየኔታ ዕረፍት ይገባቸዋል» ይል ነበር፣ በጨዋ ደንብ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ እኛ ቤት እንዲሰማ ግን አድርጎ።

እኔ ደግሞ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር አውቅ ነበር። የአባቴ ዓይን እየሄደ ነበር። የደረስኩበት አንድ ማለዳ አጥር ላይ የተሰጣ የጎረቤታችንን ካፖርት ጎንበስ ብለው እጅ ነስተው፣ ልጆቹ እንደምን እንዳደሩ ሲጠይቁት ሰምቼ ነው። ሳቅሁ፤ ከዚያ ካፖርቱ መልስ እስኪሰጥ ቆመው ሲጠብቁ አየሁና ሳቄን አቆምኩ። ቤተ ክርስቲያን ግን ማንም የሚጠረጥር አይመስለኝም ነበር፤ ዜማውን ሁሉ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ሲያስተምሩም ልጁ የዘለለውን ፊደል የሚይዙት በጆሮ ነው፤ ጀርባቸውን ሰጥተው እንጨት እየፈለጡ እንኳ፣ «ተመለስ፣ አንዱን ውጠኸዋል» ይሉታል። የቀረው ኳስ ነበር። ሜዳው ዳር ከጎናቸው እቆምና ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ በሹክሹክታ እነግራቸዋለሁ፦ ኳሱ ማሞ ጋ ነው፣ ማሞ ተቀማ፣ ወደ ውጭ ወጣ። እሳቸው ፊሽካቸውን ይነፋሉ። ጥቂት ዘግየት የሚል ፊሽካ ነበር፤ ሰው ይህን የእርጅና ክብር አድርጎ ያለፈው መሰለኝ።

እንግዲህ የዕጣውን ነገር ልናገር። እንጦጦ አናት ላይ ያኔ ሜዳ የሚባል ነገር የለም፤ ደንና ገደል ብቻ ነው። ኳስ አንዴ ከእግር ካመለጠች ፈልጎ የሚያመጣት ሰው ለምሳ አይደርስም። ስለዚህ የተራራው ልጆች ቡድን አልነበራቸውም። ታች ያለነው አራት ሰፈሮች የክረምቱ ዋንጫ ከመጀመሩ በፊት፣ ሰኔ ውስጥ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ወደ ላይ ወጥተን ከተራራው ልጆች አንድ አንድ እንወስዳለን። ማን ቀድሞ እንደሚመርጥ የሚለየው ዕጣ ነው። የየሰፈሩ አለቃ ከኪሱ አንዳች ነገር አውጥቶ ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል፤ ከዚያ የማን የማን እንደሆነ የማያውቅ መንገደኛ ይቆምና አንድ በአንድ ያወጣል። ለእኛ የመጀመሪያው ዕጣ ወጥቶልን አያውቅም ማለት ይቻላል። እናቴ ዕቃውን የሚጥለውን የአባቴን እጅ ትወቅስ ነበር።

በዚያ ዓመት የቆመችው መንገደኛ ከጫካ ቅጠል ተሸክማ የምትወርድ ሴት ነበረች። «ምነው ሥራ ፈቶች! ለኳስ ብላችሁ ነው እኔን ከነሸክሜ የምታቆሙኝ?» አለች፤ እንደምንም ወገቧን ሳታጎብጥ፣ ባርኔጣውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይዘውላት፣ እጇን ሰደደችና የአባቴን የካፖርት ቁልፍ አወጣች። ዳገት ሰፈር በሙሉ ጮኸ። ስንሻው ራሱ አባቴን አቀፋቸው።

የደስታው ምክንያት ደረጀ ነበር። ደረጀ የሚባል የተራራው ልጅ ነበረ፤ ረጅም፣ ግራ እግሩ የሚያስፈራ፣ ቀበሮ የሚያህል ድንጋይ በጫማው ጫፍ የሚያነሳ ይባልለታል። የአራቱም ሰፈር ሰው ዓመቱን ሙሉ ስለ እሱ ሲያልም ነው የከረመው። አባቴ «ደረጀ» ብለው ስም ጠርተው መውረድ ብቻ ነበር የቀራቸው። እሳቸው ግን ልጆቹን አሰለፏቸውና ከዚህኛው ባሕር ዛፍ እስከዚያኛው ድረስ ተራ በተራ እንዲሮጡ አዘዙ። «ኳስ ቢመቱ አይሻልም የኔታ?» አለ ስንሻው፣ አሁንም በጨዋ ደንብ። አባቴ አልመለሱለትም። ጀርባቸውን ለልጆቹ ሰጡ፣ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳረፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰው ጸሎት የያዙ መሰለው።

ልጆቹ ሮጡ። የደረቀው ቅጠል ከእግራቸው ሥር ይንኮሻኮሻል፤ አንዱ ከባድ ነው፣ አንዱ ይጎትታል፣ ደረጀ መሬቱን እንደተቆጣው ሰው ይረግጠዋል። የመጨረሻው ልጅ ሲነሳ እኔ ሌላ ቦታ እያየሁ ነበር፤ ዘወር ያደረገኝ ድምፁ ነው። ቅጠሉን የሚነካው አይመስልም፤ ቶሎ ቶሎ፣ ቀለል ያለ፣ አንድ ዓይነት፣ ሳይዛነፍ። አባቴ አገጫቸውን ከመቋሚያው ላይ አነሱ። ከንፈራቸው ተከፍቶ ነበር። ማሕሌት ላይ ከበሮው በትክክል ሲገባላቸው ብቻ የማየው ፊት ነው፣ እናም በዚያች ቀን ምን እንዳስደነቃቸው ባላውቅም እኔንም ብርድ ብርድ አለኝ።

«ይኼ መጨረሻ የሮጠው፣ ስሙ ማን ነው?»

«ገመቹ» አሉ ልጆቹ።

«ገመቹ የእኛ ነው» አሉ አባቴ።

 ከዚያ የወንዝ ማዶ ሰፈር አለቃ፣ ሁለተኛው ዕጣ የደረሰው፣ ሳቁን እየዋጠ «ደረጀ!» አለ። ቁልቁል ስንወርድ ከእኛ ሰፈር ሰው ማንም ማንንም አላናገረም። ገመቹ ከኋላችን ይመጣል፤ አባትና እናቱ ከእንጦጦ ጀርባ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው፣ ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፣ ለአማርኛው ገና ያፍራል፤ ይህን ሁሉ ሰው ምን እንዳስከፋው ግራ ገብቶት ጫማውን እያየ ይወርዳል።

ክርክሩ በማግስቱ ጋሽ ታዬ ሱቅ ደጃፍ ተጀመረ። ጋሽ ታዬ ቀልድ የሚወዱ፣ ሳሙና ሊገዛ የመጣን ልጅ ስለ ኳስ ሳይጠይቁ የማይሸኙ ባለ ሱቅ ነበሩ። «ፈረስ ገዝቶ ጋሪ የሌለው ሰው አይቼ አላውቅም ነበር» አሉ። የአባቴ ወገኖች፣ ጥቂት ነበርን፣ ሩጫ ምን እንደሚያደርግ ቆይታችሁ ታያላችሁ ይላሉ። የስንሻው ወገኖች ደግሞ ዕጣ እንደዚህ በሕይወት አንዴ የሚወጣ ነገር ነው፣ አንዴ የወጣ ዕጣ ደግሞ ኳስ ለሚያውቅ ነው የሚሰጠው ይላሉ። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ሥር ተጠጋግተው ይቀጥላሉ፤ ዝናቡ ሲያባራ ሜዳው ድረስ እየተከራከሩ ይሄዳሉ። አባቴ በዚያ ሲያልፉ ክርክሩ አይቆምም፤ እንዲያውም ይብሳል። አንድ ቀን ቆም ብለው ሰሙና፣ «ልጁ የባከነ እንደሆነ ፊሽካውን ለስንሻው አስረክባለሁ። ቃሌ ነው» አሉ። ቤት እንደገባን ወጥ ሳይቀምሱ ተኙ። ፊሽካው ከሄደ በኋላ አባቴ ምን እንደሚቀራቸው አስቤ፣ አልጋዬ ውስጥ ለቅሶዬን በብርድ ልብስ አፈንኩ። ቀን ቀን ቁጭ ብለው ግድግዳ የሚሰሙ ሽማግሌ ሆነው ታዩኝ።

ገመቹ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ኳስ አይችልም ነበር። አይችልም ሲባል ትንሽ የሚቸግረው እንዳይመስላችሁ። ኳሱን ወደፊት ይመታዋል፤ ከዚያ ይሮጣል፤ ኳሱን ይቀድመዋል። ብቻውን ጎሉ ጋ ደርሶ ዘወር ሲል ኳሱ ከኋላው ገና እየመጣ ነው፣ ወይም የተቃራኒው ተከላካይ ይዞት ሄዷል። ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። ጋሽ ታዬ፣ «ገመቹ፣ ዕቃ ረስተሃል!» ብለው ይጮኹ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ለአባቴ መንገር አልነበረብኝም፤ ሳቁን ይሰሙታል።

ሆኖም አንድ ነገር ሳንጠብቀው መጣ። ገመቹ ሲነሳ የተቃራኒ ቡድን ሁለት ተከላካይ ተከትሎት ይነሳል፤ ደንግጠው ነው እንጂ አስበውበት አይደለም። እነሱ ሲከተሉት መሐሉ ይከፈትና ማሞ ወይም ሌላው ልጃችን ያገባል። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ የሚስቅብን ሁሉ እየሳቀ፣ ዳገት ሰፈር ለዋንጫ ደረሰ። ክርክሩም መልኩን ቀየረ። «ያገባው ማሞ ነው፣ ሯጩ ምን አደረገ?» ይላሉ እነዚያ። «ሁለት ሰው ጎትቶ የወሰደው ማን ሆነና?» ይላሉ እነዚህ። ለዋንጫ የገጠመን ወንዝ ማዶ ነበር፤ ከነ ደረጀው።

ጨዋታው የዋለው ጳጉሜን ላይ፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ ነው። የሩፋኤል ዝናብ በረከት ነውና ሲጀምር የሚሸሽ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ሕፃናቱ ልብሳቸውን አውልቀው አሳድገን እያሉ ይዘላሉ፣ ትልልቆቹም ጃንጥላቸውን አጥፈው ፊታቸውን ወደ ሰማይ ይሰጣሉ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ይበሰብሳል። አባቴ ብቻ ተጨነቁ። ዝናቡ በቆርቆሮው፣ በቅጠሉ፣ በጃኬቱ ላይ ሲወርድ ሌላ ድምፅ አልነበረም፤ እኔም እንኳ ጮኼ ካልሆነ አልሰማም። መጮህ ደግሞ አልችልም። «ምንም አልሰማም፣ ፀዳልዬ» አሉኝ፤ ክንዴን ይዘው ወደ እሳቸው ሳቡኝ። በዕለቱ የሚዳኝ ሰው ከሌላ ሰፈር መጥቶ ስለነበር ፊሽካቸው አንገታቸው ላይ ዝም ብሏል። ደረጀ ከረፍት በፊት አንድ አገባ። ያ ግራ እግር እንደተባለለት ነበር።

ከረፍት በኋላ ሜዳው ሜዳ መሆኑ ቀረ። ውሃው ከዳገቱ ወርዶ ተኝቶበት፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ ኳስ ይመታና ባለበት ይቀራል። ሁሉም ደከመው። ጋሽ ታዬ እንኳ መቀለድ ተዉ። ከዚያ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ በአንድ ጊዜ አባራ። ሰማዩ ከሱሉልታ በኩል ተከፈተ፤ ባሕር ዛፉ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። በዚያችው ቅጽበት ኳሱ ከእኛ ጎል አጠገብ ገመቹ እግር ሥር ወደቀ።

መታው። ጭቃው ያዘው፣ ኳሱም አልሸሸም። ገመቹ ያን ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሱን አልቀደመውም፤ ሌላውን ሁሉ የገታው ጭቃ ለእሱ ብቻ ኳሱን በልኩ አድርጎለት ነበር። አንዴ ነካ ያደርገዋል፣ ይሮጣል፣ እዚያው ያገኘዋል። ሌሎቹ እግራቸውን ከጭቃው እየነቀሉ ነው የሚሄዱት፤ እሱ ይረግጣል ለማለት ይከብደኛል። አንዱን አለፈ፣ ሁለት ሆነው መጡበት፣ አለፋቸው፤ ደረጀ ራሱ ከፊት ተመልሶ ሲመጣ በጎኑ አልፎት ሄደ፣ ደረጀም እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ ማየት ጀመረ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። እንደዚያ ያለ ዝምታ የማውቀው ታቦት ሲወጣ፣ እልልታው ከመጀመሩ በፊት ባለችው ቅጽበት ነው። የእግሩ ድምፅ ብቻ ጭቃውን ቸብ ቸብ እያደረገ፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ፣ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ መጣ። ለአባቴ መንገር ነበረብኝ። ኳሱ እዚህ ነው፣ እዚያ ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ ተከፍቶ ቀረ፤ አንዲት ቃል አልወጣኝም፤ ሰው እንደዚያ ሆኖ መሮጥ እንደሚችል አላውቅም ነበር። አባቴም አልጠየቁኝም። ጥምጣማቸው ረጥቦ ትከሻቸው ላይ ወርዷል፣ ፊታቸው ከሯጩ ጋር ቀስ እያለ ይዞራል።

በረኛውን አለፈ። ጎሉ ባዶ ነው። ኳሱን ወደ ጎሉ ላከው፤ እሱ ራሱ መቆም ስላልቻለ በምሰሶዎቹ መካከል አልፎ፣ መስመሩን ተሻግሮ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባ። ኳሱ ግን ከመስመሩ ፊት የተኛው ውሃ ውስጥ ወድቆ፣ ሊገባ አንድ ጫማ ሲቀረው፣ ቆመ። ሁላችንም ኳሱን እናየዋለን፤ አይንቀሳቀስም። ከወንዝ ማዶ አንዱ እየተንፏቀቀ ደርሶ ጠለዘው። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ።

«ገባ?» አሉኝ አባቴ።

«አልገባም አባዬ። ውሃ ያዘው።»

 ከዚያ ፊታቸው በራ፤ «ሰማሽው ግን?» አሉኝ። ሰማሁት አልኳቸው።

ስንሻው አጠገባችን ቆሞ ነበር። አባቴ ፊሽካውን ከአንገታቸው አውጥተው ወደ እሱ ዘረጉ። «ይቅርብኝ የኔታ፣ አንድ ጫማ ነው የቀረው፣ ይኼ ምን መሸነፍ ነው?» አለ፤ ዓይኑ እንባ አዝሎ። «ቃል ቃል ነው» አሉት። ከያዝኩት ቂም የተነሳ እንባውን የዝናብ ውሃ ነው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው በአጭሩ ይነገራል። ስንሻው ቡድኑን ያዘ፤ በሦስተኛው ክረምት ዋንጫ አመጣ። ከየጨዋታው በፊት ግን ቤታችን መጥቶ፣ ማንን ላሰልፍ ብሎ አባቴን ይጠይቅ ነበር፤ እኔ በሩን በግድ ነበር የምከፍትለት። የአባቴ ዓይን ከጥቂት ዓመት በኋላ ጨርሶ ጠፋ። ሜዳው ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል፣ ያጋደለው መሬትም በድንጋይ ግንብ ተስተካክሏል። አባቴ ያረፉት በእርጅና፣ ዜማቸውን በአፋቸው እንደያዙ ነው።

የለቅሶው ድንኳን በተተከለ በሁለተኛው ቀን አንድ ሸንቃጣነት የሚባል ነገር ከእነ ጥላው የራቀው፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የወረደ የከባድ መኪና ሹፌር ገባ። ገመቹ ነበር። እግሩን ከፍሬንና ከነዳጅ መስጫ ለሌላ ላያነሳ ከማለ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አረፍ ብሎ አፉን በውሃ እንዳራሰ ሽማግሌዎቹ አወቁትና፣ ለቅሶ ነው ብሎ የሚያፍር የለም፣ ያ ክርክር ከተኛበት ተነሣ። ጋሽ ታዬ በከዘራቸው እየጠቆሙት፣ «ደረጀን ወስደን ቢሆን ዋንጫው ያኔውኑ የእኛ ነበር! እስቲ አንተው ፍረድ፣ አንተን መምረጣችን ያዋጣን ነበር?» አሉት።

ገመቹ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። «እኔማ የዚያኑ ሰሞን ነግሬያቸዋለሁ» አለ። «የኔታ፣ ኳስ አልችልም፣ ለምን መረጡኝ? አልኳቸው። ‹ልጄ፣ እኔ ከእንግዲህ የማየው የለኝም። አንተን ግን እሰማሃለሁ። አንተ ብቻ ሩጥ› አሉኝ።»

 በማሰሮ ውሃ እያዞርኩ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት፣ ከአባቴና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም ብዬ፣ ለእናቴም ሳልናገር የያዝኩት ነገር ነበር። ጋሽ ታዬ እንደሚደነግጡ ጠብቄ ዞርኩ። እሳቸው ከዘራቸውን እያዩ ነበር። ስንሻው፣ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ፣ ከአጠገባቸው አንገቱን ደፍቷል።

«ታውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ማን ያላወቀ ነበር፣ ልጄ?» አለ ስንሻው። «ካፖርት እጅ ሲነሱ ያየሽው አንቺ ብቻ መሰለሽ?»

«ታዲያ ክረምት ሙሉ ስትጨቃጨቁ የነበረው...»

«ስለ ሯጩ ነዋ!» አሉ ጋሽ ታዬ፣ የተቆጡ መስለው። «ስለ ሯጩ ነው። ስለ ሌላውማ ማን አፉን ይከፍታል?»

ማሰሮዬን እንደያዝኩ ድንኳኑ መሐል ቆምኩ፤ ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ እየመጣ ይገባኝ ጀመር። የቡድኑ ልጆች አባቴን በመንገድ ሲያገኟቸው፣ «እንደምን አደሩ የኔታ፣ ማሞ ነኝ» እያሉ ስማቸውን የሚያስቀድሙት፣ ያኔ የጨዋ ልጅ ወግ መስሎኝ ነበር። ከቤታችን እስከ ሜዳው ባለው መንገድ ላይ ድንጋይ የማይገኘው፣ ጠዋት ጠዋት ከረጢት ይዞ የሚለቅመው ስንሻው ስለነበር ነው፤ ያየሁት እኔው ነኝ፣ ለሚሠራው አጥር ድንጋይ የሚሰበስብ መስሎኝ ነው። ዘግይቶ በተነፋ ፊሽካ የተከራከረ አንድ ሰው አላስታውስም። ፊሽካውን ውሰድ ሲሉት ይቅርብኝ ያለውም፣ ሲቀበል ያለቀሰውም ያው ሰውዬ ነው።

አሁን የምኖረው ሲግናል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጎረቤቶቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ያሻቸውን ፊት ለፊት ይናገራሉ፣ አውቆ ዝም የሚል ሰው ግን ካየሁ ቆየሁ። ጋሽ ታዬም በዓመቱ አባቴን ተከተሉ። ሯጩ ያዋጣ እንደሆነ እስከ ዛሬ ፍርድ አላገኘም። እኔ አባቴን አጣሁ፣ ሜዳው ጠፋብኝ፣ ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት፣ አንድ ሰፈር ሙሉ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን በዝናብ እየጮኸ፣ «አያዩም» የምትለዋን አንዲት ቃል ከአንድ ሽማግሌ ጆሮ እንዴት እንዳራቀ ማሰብ ነው። ባሰብኩት ቁጥር አፌ ተከፍቶ ይቀራል።